ሴንታን ውሸታም ያልኩበት መኸር

ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

አፍራ ይህን ደብተር ገዝታ የምበላበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «ለእኔ የምታጉረመርመውን ለዚህ ንገረው፤ እኔ ጆሮዬን ላሳርፍ» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የቻለችኝ ሚስት ናትና ብትል ያምርባታል። እሺ አልኩ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጉርምርምታ የሴንታ ግራ ጆሮ ነው። እንዲህ ረጅም ጆሮ ያለው ውሻ የሚያሳድግ ሰው ግማሽ ዕድሜውን ጆሮ ሲጠርግ ይኖራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ጠብታ አደረግኩላት፤ እሷም ጠዋትና ማታ ራሷን አራግፋ መድኃኒቱን ፊቴ ላይ መለሰችልኝ። ዛሬ የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ «ድናለች» አለ። ተመስገን። ጫካው አይጠብቅማ። ወንዶቹ አጋዘኖች ማግሳት ሊጀምሩ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ያን ጊዜ አዳኙም ይተኩሳል፣ አጋዘኑም አብዶ መንገድ ያቋርጣል፣ የእኔም ስልክ አያርፍም።

ሥራችን ቀላል ነው። የተመታ አውሬ ጫካ ገብቶ ሲሰወር ሴንታ ፋናውን፣ ማለትም የደሙንና የኮቴውን ዱካ፣ ታነፈንፋለች፤ እኔ ረጅሙን ጠፍር ይዤ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ስንደርስበት ሥቃዩን እናሳጥርለታለን። ደህና አውሬ አፍንጫዋ ሥር ቢያልፍ ዞር ብላ አታይም፤ የእሷ ጉዳይ ከቆሰለው ጋር ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ሴንታ አራተኛ ውሻዬ ናት። ያመጣኋት ዓምና በጸደይ ከወይዘሮ ሂልትሩድ ቤት ነው። ወይዘሮ ሂልትሩድ ቡችላ የሚሰጡት በውል ነው፦ በሁለተኛው መኸር ፋና ላይ የማትታመን ሆና የተገኘች ውሻ ትመለሳለች፣ ለሌላ የውሻ መሪ ትሰጣለች። ሁለተኛው መኸር ይህ ነው። እኔ ግን አልሰጋም። እንዲህ ያለ አፍንጫ አይቼ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 9፣ ሰኞ

የደን ጠባቂዋ ፍሮኒ ማለዳ ደወለች። ከወፍጮው በላይ ባለው ኩርባ መኪና ሚዳቋ ገጭቷል። ሄድን።

ሴንታ ቀጥ ብላ ገባች። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች፤ አፍንጫዋን አንድ ቅጠል ላይ ተከለች። «እዚህ ጋ ደም አለ» ማለቷ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቅጠሉ ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም። ይሁን ብዬ አለፍኩ። ትንሽ ሄዳ እንደገና ቆመች። እንደገና ባዶ ቅጠል። «አትቀልጂ» አልኳት።

ሚዳቋዋን ለማንኛውም አገኘናት፤ ቦይ ውስጥ ሞታ ነበር፣ ብዙም ሳትሠቃይ ይመስላል። ደስ አለኝ። ግን ይህ ያለ ነገሩ የመቆም ጠባይ ካሁኑ ካልተቀጨ ኋላ ያስቸግራል።

ስመለስ መኪናው የአጥሩን ምሰሶ ነካ። ምሰሶው ድሮም ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

ላሞቹ ከተራራው ግጦሽ ወረዱ። ዘንድሮ አንድም አልሞተችምና ሁሉም አበባ ጭነው፣ ቃጭል አንጠልጥለው ነው የገቡት። ጎረቤቴ ዋስትል ቢራውን ይዞ መጣና ስለ ሴንታ ጠየቀኝ። ዋስትል ጥሩ አዳኝ ነው፤ ሲያወራ ግን ከጥይቱ ይልቅ ምላሱ ሩቅ ይሄዳል።

«እህሳ ክቪሪን፣ ልጅቷ አንተን ማሠልጠን ጀመረች?»

«አንተን ያሠለጠነችህን ሚስትህን ልመክራት ነው» አልኩት። አጠገባችን ያሉት ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ እንጉዳይ ለቀምኩ፤ አንድ ቅርጫት ሙሉ። አፍራ ግማሹን ወደ ቆሻሻ ደፋችው። ስጠይቃት «ትል ነበረበት» አለች። ሁሉም ላይ?

ምሽት ላይ የምናልፋቸው አዳዲሶቹ መኪኖች መብራታቸው ዓይን ውስጥ ይረጫል። እንዲህ ያለ መብራት በሕግ መከልከል አለበት።

ሴፕቴምበር 18፣ ረቡዕ

ሁለት ጥሪ። ደክሞኛል። ሴንታ ስድስት ጊዜ ባዶ ቅጠል ላይ ቆመች። ተቆጣኋት። መዳፏ ተሰንጥቋል፤ ቅባት ቀባሁላት።

ሴፕቴምበር 22፣ እሑድ

መጥፎ ቀን። በዝርዝር ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዋስትል ትናንት ሊመሽ ሲል ትልቅ ወንድ አጋዘን ተኩሶ መታ፤ አጋዘኑ ግን ሄደ። ደንቡ እንደሚለው ቦታውን በጥድ ቅርንጫፍ ምልክት አድርጎ እስኪነጋ ጠበቀ። ዛሬ ጠዋት እኔና ሴንታ ደረስን። ሴንታ ቅርንጫፉ ያለበትን መሬት አሽትታ ወደ ላይ ወደ ግራ ሳበችኝ፣ ድንክ ጥዱ ጥቅጥቅ ወዳለበት ገደል።

«ኧረ የት ነው የምትሄደው?» አለ ዋስትል። «በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ወደ ጅረቱ ነው የወረደው!»

ሴንታ ሦስት ጊዜ ቆመች። ሦስት ጊዜ ጎንበስ አልኩ። ጠብታ ደም እንኳ የለም፤ ቡናማ ቅጠል፣ ቡናማ ድንጋይ፣ ቡናማ ሣር። ዓምና በዚህ ጊዜ ጫካው እንዲህ ቡናማ አልነበረም። ዋስትል ከኋላ ይነዘንዛል። እኔም ጠፍሩን ስቤ ከፋናው አወጣኋት።

ለአራት ወጣት መሪዎች ይህን ሥራ አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት «ከጠፍሩ ፊተኛ ጫፍ ያለው ሁልጊዜ ትክክል ነው» የሚለው ነው። እኔው ያስተማርኩትን እኔው ሻርኩት። ግን ውሻ ከዋሸ ምን ይደረጋል? ወደ ጅረቱ ወስጃት አንድ ሰዓት ለፋን፤ አፍንጫዋን እንኳ መሬት አላስነካችም። ያኔ ጮህኩባት። ዋስትል ፊት «ውሸታም!» አልኳት። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ተኛች። ይህ ዘር ጩኸት አይወድም፤ ሲመቱት ይረሳል፣ ያለ ጥፋቱ ሲጮኹበት ግን ቂም አይይዝም፣ ዝም ብሎ ይሰበራል። ይህንንም አውቃለሁ።

አጋዘኑን አላገኘነውም። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

ሴፕቴምበር 27፣ ዓርብ

ፍሮኒ ደወለች። ቁራዎች አይታ ሄዳ ነበር። የዋስትል አጋዘን ሞቶ ተገኝቷል፤ ድንክ ጥዱ ውስጥ፣ ጠፍሩን ከሳብኩበት ቦታ ሁለት መቶ እርምጃ ከፍ ብሎ።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አልኳት።

«አይደለም ጋሽዬ» አለች።

አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ጊዜ ባዶ ቅጠል ላይ ነው የቆመችው፤ ይህንን አይቻለሁ። ውሸታምም ቢሆን አንዳንዴ እውነት ይናገራል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለራሴ አስረዳለሁ፤ ምሳ ግን አልበላሁም።

ኦክቶበር 1፣ ማክሰኞ

ሴንታ ፋና ላይ መቆም ተወች። አሁን የምታደርገው ይህ ነው፦ ቀስ ትላለች፣ አንገቷን ታዞራለች፣ ፊቴን ታያለች። ከዚያ አፍንጫዋን ሳታስነካ ታልፋለች። የፈለግኩት ይህን አልነበረም? ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ማታ መጠጥ ቤቱ በር ላይ ኮቴን ሳወልቅ የዋስትልን ድምፅ ሰማሁ። «ውሻዋማ ምን አላት! ችግሩ ከጠፍሩ ወዲህኛው ጫፍ ነው» ይላል። ስገባ ሁሉም ቢራው ላይ አቀረቀረ። ስለ ጉልበቴ ነው የሚያወሩት። ጉልበቴ ደህና ነው።

ክኖድል የሚሉት የጉበት ድብልብል ሾርባ ላይ ጨው ጨመርኩ፤ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስቀምጥ ቤት!

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

ለወይዘሮ ሂልትሩድ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሴንታ ፋና ላይ ትዋሻለች፣ በውላችን መሠረት ይውሰዷት አልኩ። አራት መስመር ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ።

አፍራን ፖስታ ቤት አድርሺልኝ ብላት እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ አየችኝ። «እኔ አላደርስም። ራስህ ውሰደው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ!» ብላ ወጣች። ምን ለማለት እንደፈለገች አላስረዳችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ራሴ ወሰድኩት።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ወይዘሮ ሂልትሩድ ደወሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን ገና መጋዝ ነው።

«ክቪሪን፣ አርባ ዓመት ይህን ዘር አርብቻለሁ። ሰነፍ ወጥቶልኛል፣ ሆዳም ወጥቶልኛል፣ ውሸታም ግን አልወጣልኝም።»

«እኔም አልጠበቅኩም ነበር፣ እመቤት።»

«የምትለው እውነት ከሆነ እወስዳታለሁ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ።»

አንድ ሳምንት።

ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ሴንታ ምድጃው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ወርዳ እግሬ ሥር ትተኛ ነበር። ከጩኸቱ ቀን ወዲህ አግዳሚው ላይ ትቀራለች። አፍራ የጥጃ ጉበት ቀቅላ አበላቻት፤ ለእኔ ዳቦና አይብ ቀረበልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ አድመውብኛል።

ጆሮዋን ጠረግኩላት። ዝም ብላ ተጠረገች፤ ራሷን እንኳ አላራገፈችም። ብታራግፍብኝ በወደድኩ።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ምን ብዬ ልጀምር። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ፍሮኒ ደወለች። የወተት መኪና አንዲት ሴት አጋዘን ገጭቶ እግሯን ሰብሯታል፣ ከድልድዩ በላይ ጫካ ገብታለች። ውሻዬ ልትሄድ ሦስት ቀን ነው የቀራት ብላት፣ ሌላው ቅርብ ያለው መሪ ከተራራው ማዶ ነው፣ እስኪመጣ ምሽት ይሆናል አለች። አጋዘኗ እስከዚያ በሦስት እግር ስትንከላወስ ልትውል ነው። ፍሮኒ ራሷ ከላይ በኩል ልትጠብቅ ነው፤ ብቻዬን መግባት ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም። ይህን ሁሉ በስልክ ስንነጋገር አፍራ ጫማዋን አጥልቃ ጨርሳለች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ሠላሳ አራት ዓመት ቅባት ቀቢ፣ ልብስ እጠቢ ስትለኝ ነበር። ዛሬ የምታደርጉትን ልየው።»

ገባን። ሴንታ ፊት፣ እኔ ጠፍሩን ይዤ፣ አፍራ ከኋላዬ። ብዙም ሳንሄድ ሴንታ ቀስ አለች፤ አንገቷን አዙራ አየችኝ።

«ለምንድን ነው አንተን የምታይህ?» አለች አፍራ።

«ልትዋሽ ስትል እንዲህ ታደርጋለች።»

አፍራ አለፈችኝና ሴንታ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ክቪሪን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅጠል።»

«ቅጠሉ ላይ ያለውስ?»

«ምንም።»

ነጭ መሀረቧን ከኪሷ አወጣች። ቅጠሉን ጠረገችበት፤ ከዚያ መሀረቡን አፍንጫዬ ድረስ አመጣችው። ነጩ ላይ አየሁት። ቀይ። ከአውራ ጣት የሚበልጥ ጠብታ።

እኛ መሪዎች የሚያጠራጥር ነገር ስናይ በነጭ መሀረብ እንጠርጋለን፤ የሥራው ሀሁ ነው። እኔ መሀረብ መያዝ የተውኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። «የእኔ ዓይን መሀረብ አያስፈልገውም» እያልኩ እፎክር ነበር።

አፍራ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሴንታ ቀስ ያለችበትን ሌላ ቦታ ፈልጋ ጠረገች፤ ቀይ። ሌላ፤ ቀይ። መሀረቡ ሲሞላ ዘርግታ አሳየችኝ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንተ ነህ» አለች። «ከፋሲካ ጀምሮ ዓይንህን ታከም ስልህ ነበር። መብራቱ ነው አልከኝ፣ ጋዜጣው ነው አልከኝ፣ ምሰሶው ነው አልከኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብህ እንጂ ሳታውቀው ቀርተህ ነው?»

ማፈር ነበረብኝ፤ በኋላም አፈርኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣ ያህል ቀለለኝ። ሴንታ አልዋሸችም! አንድም ቀን አልዋሸችም! ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ፤ አፍራ ደነገጠች። በጉልበቴ ሄጄ የሴንታን ፊት በሁለት እጄ ያዝኩና ይቅርታ ለመንኳት። አፍራ እያየችኝ፣ ሰው እንደሚለመን ነው የለመንኳት። ሴንታ ፊቴን ላሰችው።

«በል ተነሣ» አለች አፍራ። «ያቺ ምስኪን እየጠበቀች ነው።»

ከዚያ በኋላ ምንም አላየሁም፤ ለማየትም አልሞከርኩም። ሴንታ ስትቆም አፍራ «አለ» ትላለች፣ እኔ «ጎበዝ» እላለሁ። አጋዘኗ ትልቅ ዓለት ሥር ተኝታ ነበር። ጠመንጃዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ከዚያ ቆም አልኩ። በዚህ ዓይን ዘንድሮ ስንቴ ነው የተኮስኩት? ማንንም ሳልጎዳ ስለቆየሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ወደ ፍሮኒ ደወልን፤ መጥታ በአንድ ጥይት አሳረፈቻት። የጥድ ቀንበጥ ቆርጣ እንደ ልማዱ ለመሪው ሰጠችኝ፤ እኔም ከሁለት ሰብሬ ግማሹን ባርኔጣዬ ላይ፣ ግማሹን የሴንታ አንገት ማሰሪያ ላይ ሰካሁ። ጠመንጃውን ለፍሮኒ ሰጠኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ለካ እሷም ታውቅ ነበር።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

የዓይን ሐኪም ዘንድ። አፍራ ነዳች።

ሞራ ነው። በሁለቱም ዓይን። ቀኙ ብሷል። «ተገፎ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለች ሐኪሟ፣ ጥርስ እንደሚነቀል ያህል። ኖቬምበር ውስጥ ቀን ያዘችልኝ።

አባቴ የመጨረሻዎቹን ስምንት ዓመታት ምድጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ዓይነ ስውር ሆኖ ነው የጨረሰው። የእሱ ሌላ በሽታ ነበር፣ የማይድነው። እኔ ልጁ የፈራሁት ይህን እንደሆነ አሁን ልጽፈው እችላለሁ። እስከ ትናንት ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። የሌላውን ጉድለት ከአምስት መቶ እርምጃ አያለሁ የምል ሰው።

ማታ ወይዘሮ ሂልትሩድ ጋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። አይምጡ፣ ውሻዋ ደህና ናት አልኩ።

«እመጣለሁ» አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩዎት!»

«ሰማሁ። ግን እውነት ተናግራ የተቀጣች ውሻ ሁለተኛ እውነት ትናገራለች ወይ? እሱን አንተም አታውቅም። ተበላሽታ ከሆነ ከአንተ ጋር አትድንም። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጉት። እውነታቸውን ነው። ደስታዬ የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

ሴንታን ሦስቴ አበጠርኳት። ምን ይጠቅማል፤ ለሠርግ አይደለም። አፍራ «ፀጉሯ ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

የፈለገው ቢመጣ ሥራዋን አላበላሽባትም። ከወሰዷትም ጥሩ መሪ እንዲሰጧት እለምናለሁ። ዓይን ያለው።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ወይዘሮ ሂልትሩድ ለካ የመጡት ትናንት ነው። ማንም ሳያያቸው፣ ለውሻ ፈተና የአጋዘን ሰኮና የተገጠመበት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጠርሙስ ደም ይዘው፣ በሰባ አራት ዓመታቸው ጫካው ውስጥ አንድ ሺህ እርምጃ የሚሆን የፈተና ፋና ጥለዋል፤ ከዚያ መጠጥ ቤቱ አልጋ ይዘው አደሩ። ፋናው የት እንደሚዞር ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ሌሊቱን ደግሞ ዘነበ።

መኪናቸው በራችን ላይ ቆሟል፤ የኋላው በር ክፍት፣ ውስጡ የውሻ ሣጥን። አላየሁም ብዬ አለፍኩ። ለነገሩ ለማለት ያህል ነው፤ እሱን እንኳ አይቻለሁ።

ሴንታ መነሻው ላይ የተቀመጠውን ቅርንጫፍ አሽትታ ተነሣች። እኔ፣ ከዚያ ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ ከዚያ አፍራ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ቀስ አለች። አንገቷን አዞረች። አየችኝ።

አንድ አፍታ እንዲህ ረጅም ሆኖብኝ አያውቅም። ቅጠሉ ላይ ደም ይኑር አይኑር አላውቅም፣ አላየሁምም። በሴፕቴምበር ልለው የሚገባኝን ነገር አሁን አልኩ፦ «ጎበዝ ልጄ። አሳዪኝ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ጆሮዋ ብቻ ትንሽ ተነሣ።

«አምንሻለሁ» አልኳት። «አሳዪኝ።»

አፍንጫዋን ተከለች።

ሁለተኛው ላይ እንደገና አየችኝ፤ ግን ባጭሩ፣ መምጣቴን ለማረጋገጥ ያህል። ሦስተኛው ላይ አላየችኝም። አራተኛው ላይ አፍንጫዋን ተክላ ጅራቷን ማወዛወዝ ጀመረች። ከዚያ ወዲያ መሮጥ ቀረሽ አካሄድ ሆነ፤ ጠፍሩ እጄን ላጠው። ሁለቴ ኩርባውን ዞረች፣ ጅረቱን ተሻገረች፣ አንድ ደህና ሚዳቋ ከፊቷ ፈትለክ ሲል ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ፋናው መጨረሻ ላይ፣ ከወደቀ ዛፍ ሥር የተቀበረው የአጋዘን ቆዳ ላይ ቆማ ጮኸች። ተራራው መለሰላት።

ወይዘሮ ሂልትሩድ ከኮታቸው ኪስ ደብዳቤዬን አወጡ።

«ይህን እሷ ማንበብ ብትችል ኖሮ» አሉ፣ «እኔ ሳልሆን ራሷ ነበረች ጥላህ የምትሄደው።» እጄ ላይ አስቀመጡት። «ዓይንህ እስኪገፈፍ ጠመንጃ አትነካም። ብቻህን አትወጣም። አፍራ ዓይን ትሁን፣ ሴንታ አፍንጫ ትሁን።»

«እኔስ ምን ልሁን?»

«አንተ ዝም በል።»

አፍራ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ወይዘሮ ሂልትሩድም ሳቁ። ቤት ገብተው አንድ ቁራጭ የፕለም ኬክ በሉና ባዶ ሣጥናቸውን ጭነው ሄዱ። መኪናቸው ከኩርባው እስኪሰወር በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ተመልሰው ቢመጡስ ብዬ። አልተመለሱም።

ኦክቶበር 13፣ እሑድ

ዋስትል ቤት ሄድኩ። «አጋዘንህ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሥቃዩ በእኔ ነው» አልኩት።

ዋስትል እንደ ወትሮው ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፋ። «እኔስ? ወደ ጅረቱ ወረደ ብዬ የማልኩት ማን ነው? እውነቴን ልንገርህ፣ አላየሁም። ከተኩሱ በኋላ ጭሱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ማልክ?»

«አንተስ የማታይ ከሆነ ለምን ጎነበስክ?»

ሁለት ዕውር ተገናኝተን አንዷን የምታየውን ሰደብን። ቢራ ቀዳልኝ። አብረን ጠጣን።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

በዐሥር ቀን አምስት ጥሪ፤ አምስቱንም አገኘን። አፍራ የሰው መሀረብ ሳይቀር ጨርሳለች። ፍሮኒ እየቀለደች «እማማ አፍራ» ብላ ነው ቀጥታ ለእሷ የምትደውለው፤ እኔ ወዴት እንደምሄድ የሚነገረኝ ጫማዬን ሳስር ነው።

ሴንታ ዛሬ ከአግዳሚው ወርዳ እግሬ ሥር ተኛች። ለአፍራ በምልክት አሳየኋት፤ እንዳትነቃ።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ቀኝ ዓይን ተገፈፈ። አላመመኝም። ፈርቼ ነበር፤ የሐኪሟን ረዳት እጅ ይዤ እንደነበር አፍራ እንዳትሰማ። ዓይኔ ታሽጓል፤ ይህን የምጽፈው በደህናው፣ ማለቴ ባልዳነው ነው። መስመሩ ከተጣመመ ይቅርታ።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

እሽጉ ተነሣ።

መጀመሪያ ያየሁት የሐኪሟን ነጭ ካፖርት ነው፤ እንዲህ ያለ ነጭ መኖሩን ረስቼው ነበር። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሳይ መጣሁ። ጫካው ቡናማ አይደለም። ቢጫ አለ፣ ብርቱካን አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። አፍራ ዞር ብዬ ሳያት «ወደ መንገዱ ተመልከት፣ ሽበቴን አትቁጠር» አለችኝ። ሽበቷ አምሮባታል፤ ነገርኳት፣ የመኪናውን መሪ እንደያዘች ፊቷ ቀላ።

ቤት ስንገባ ሴንታ ሮጣ መጣች። ቡናማ ናት ብዬ ነበር የማውቃት። ቀይ ናት፤ ፊቷ ብቻ ጥቁር። ዓይኖቿ ዙሪያ ቀጭን ፀጉር አለ፣ ቅንድብ የመሰለ። ሁለት እግሯን ጉልበቴ ላይ ስትሰቅል ደረቷ ላይ አንድ ነገር አየሁና ደነገጥኩ።

«አፍራ! ነይ እስቲ! ደረቷ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል!»

አፍራ ኮቷን ሳታወልቅ መጣች። ሳንቲም የሚያህል ነጭ ፀጉር ነው፣ መሐል ደረቷ ላይ።

«ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ያለ ነው» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየቀኑ ማሰሪያዋን የምታስረው አንተ አይደለህ? ምን ብዬ ልንገርህ?»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሴንታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ዓመት ከመንፈቅ አብሬያት ኖሬ ገና አሁን ነው የማያት። እሷ እኔን ከቡችላነቷ ጀምራ በአፍንጫዋ ጠንቅቃ ታውቀኛለች።

«ክቪሪን እባላለሁ» አልኳት።

ራሷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ከባድ ትንፋሽ ተነፈሰች። አፍራ ኮቷን እንደለበሰች አጠገባችን ቁጭ አለች።